የአዞው መጨረሻ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ ቤቴ መጥቶ፣ «አባባ፣ ሰሞኑን ሦስት ጌም ጨረስኩ» አለኝና ስለ እያንዳንዳቸው አስተያየቱን ይሰጠኝ ጀመር። የመጀመሪያው ታሪኩ ልብ ይሰቅላል፤ ሁለተኛው መሐል ላይ ያሰለቻል፤ የሦስተኛው አጨራረስ ግን የሚገርም ነው አለኝ። «ሦስቱንም ራስህ ነህ የጨረስካቸው?» አልኩት። አንገቱን አከክ አከክ አደረገ። «ሦስተኛውን እንኳ ሌላ ሰው ሲጨርሰው ነው ያየሁት። ያው ነው።»

ያው ነው! እንዴት አድርጌ እንደጮህኩበት አልነግራችሁም። ልጁ ጫማውን ሳያስር ወጥቶ ሄደ። ማታ እናቱ ደውላ፣ «ምን አድርጎዎት ነው እንዲህ የተቆጡት?» ብትለኝ፣ መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። እስቲ እናንተ ስሙኝና ጥፋቱ የልጁ ይሁን የኔ ፍረዱ።

ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ዘመኑም የደርግ። አባቴ የቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ከዳዊት እስከ ቅኔ ተምሬ፣ ትርጓሜ መጻሕፍት ልቀጥል ብዬ ጣራ ገዳም አንድ መምህር እግር ሥር ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። አልጨረስኩም። ርሃቡ አማረረኝና ጥዬ መጣሁ። ስመጣ «ተመርቄያለሁ» ብዬ አልዋሸሁም፤ ግን ሰው «መምህር» ብሎ ሲጠራኝ ዝም ብዬ አቤት አልኩ። ክፉ ልማዴ ከዚያ ጀመረ።

እህቴ የሺ ወረታ ከተማ ነበረች። ባሏ አያ ሞላ የከብት ሐኪም ነው። መንግሥት ውጭ አገር ልኮ አስተምሮት የተመለሰ፣ የፎገራን ላም ሁሉ ከነባለቤቷ የሚያውቅ፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው። ከውጭ ካመጣቸው ዕቃዎች አንዱ መዳፍ የምታክል መጫወቻ ነበረች። ዛሬ «ጌም» የምትሉት ነው፤ እኛ ስም አልነበረንም፣ «ያቺ ዕቃ» ነበር የምንላት። መስተዋት ላይ ጎርፍ አለ። ከጎርፉ ውስጥ የሦስት ቤቶች ጣሪያ ብቅ ብሏል፤ ከጣሪያው ላይ ሰዎች አንድ በአንድ ይዘላሉ። ታች አንድ ባለ ታንኳ አለ። በግራና በቀኝ ጣትህ ታንኳዋን እየነዳህ የሚዘለውን ሁሉ ትቀበላለህ። ከውሃው ሥር ደግሞ አዞ አፉን ከፍቶ ብቅ ይላል። አንድ ሰው ባዳንክ ቁጥር አንድ ይቆጠርልሃል፤ ሦስት ሰው ካስበላህ አበቃ።

አያ ሞላ አንድ ቀን ዕቃዋን አየት አድርጎ፣ «ውሰዳት፤ እኔ ጠግቤያታለሁ» ብሎ ሰጠኝ። ሦስት ወር ከእጄ አልወጣችም። የሪብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ባሕር በሚሆንበት አገር ያደግን ሰዎች ነንና፣ በዚያች መስተዋት ላይ ያለው ጎርፍ የሩቅ አገር ነገር አልመስል አለኝ። ብዙ ብደክም ግን ከአራት መቶ አሥራ ሁለት አልፌ አላውቅም።

ሐምሌ ሚካኤል ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰን፣ ጠላው ዞሮ ዞሮ ሞቅ ሲለን፣ ካሴ የሚባል አብሮ አደጌ፣ «እስቲ መምህር፣ ያቺን ዕቃ ፍታልን!» አለኝ።

በእኛ ትምህርት መምህሩ አንድ ንባብ ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይልና ሦስተኛ ያክላል። የአብነት ተማሪ የሆነ ሰው ዝናብም ይዝነብ ውሻም ይጩኽ «አንድም» ማለት ይወዳል። ጋቢዬን አጣፋሁና እንደ መምህሬ ተቀመጥኩ። ዕቃዋን ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«ጎርፉ የኖኅ ዘመን ጎርፍ ነው፤ ታንኳይቱ መርከቡ ናት» አልኩ። ቄሶቹ ፈገግ አሉ። «አንድም፣ ጎርፉ ኃጢአት ነው፤ ታንኳይቱ ቤተ ክርስቲያን ናት።» እሰይ እሰይ ብለው አጨበጨቡልኝ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ያ ጭብጨባ ግን አናቴ ላይ ወጣ። «አንድም» አልኩ፣ «ጎርፉ ዘመናችን ነው። ከጣሪያ የሚዘሉት ገበሬዎች ናቸው። አዞው ደግሞ...» ስም አልጠራሁም። በእጄ እንደ ካድሬ ቆብ ሠርቼ ግንባሬ ላይ ደፋሁት።

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ፈረሰ። ያ ዘመን ልጅ ከገበያ ታፍሶ ጦር ሜዳ የሚላክበት፣ ገበሬው እህሉን በግዴታ የሚያስረክብበት ዘመን ነው። ሰው እንደዚያ ሲስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

«መጨረሻውሳ?» አለ ካሴ። «አዞው ምን ይሆናል?»

አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነው ያቆምኩት ማለት ነበረብኝ።

«መጨረሻውማ አይቼዋለሁ!» አልኩ። «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሲሞላ አዞው ተገልብጦ ይሞታል። ባለ ታንኳው ታንኳውን አስሮ ቤቱ ይገባል።»

እልልታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እህቴ ጭቃውን እየረገጠች ከወረታ ድረስ መጣች። ነጠላዋ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። አባቴን እንኳ ሰላም አላለችም።

«ያን ዕቃ ምን ብለህ ነው ያወራኸው?»

«ምን ሆንሽ?»

«ሞላን ወሰዱት! ትናንት ጠዋት ወሰዱት። ከውጭ ያመጣኸው ዕቃ የመንግሥትን መውደቅ የሚሰብክ ነው አሉት። ከዕቃው ጋር የመጣውን በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ወረቀት አግኝተው የጠላት ጽሑፍ ነው ብለዋል። ዛሬ ባሥር ሰዓት የአውራጃው መኪና ሲመጣ ጭነው ይወስዱታል። ከዚያ የተመለሰ ሰው ታውቃለህ?»

አላውቅም።  ማን እንዳወራ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም፤ ለመድረስም አልሞከርኩም፤ ያ ሰው ያወራው ያልኩትን ነውና። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሁሉንም ሰሙ። «መጨረሻውን አይተኸዋል?» አሉኝ። «አላየሁትም» አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። «ለሰው እንደተናገርከው ይኸንንም ሂድና ለቀበሌው ተናገር» አሉኝ። 

ወረታ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። በር ላይ ሁለት ገበሬዎች የታመመች ጊደር ይዘው ሐኪሙን ይጠብቃሉ፤ መታሰሩን ነግረዋቸው እንኳ አልሄዱም። ሊቀመንበሩ ጓድ ደመላሽ ይባላል። ልንገራችሁ፣ ይህ ሰው የአባቴ ተማሪ ነበር። ቅኔ ቤት ድረስ ዘልቆ ነው የወጣው። ሌላ ሊቀመንበር ቢሆን ወሬውን የሰካራም ጨዋታ ብሎ ያልፈው ይሆናል። ደመላሽ ግን «አንድም» ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

«ና ግባ መምህር» አለኝ። ወንበር ስፈልግ አይቶ፣ «ተቀመጥ አላልኩም» አለ። ጥግ ላይ አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆሟል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሞላ ምንም አያውቅም። እኔም ዋሽቻለሁ። መጨረሻውን አይቼው አላውቅም።»

«መቼ ነው የዋሸኸው? ሐምሌ ሚካኤል ነው ወይስ አሁን?»

«ያኔ ነው። ሰው ሲያጨበጭብልኝ...»

«የመሪጌታ ልጅ በታቦት ደጅ ተቀምጦ ይዋሻል ነው የምትለኝ? እኔን ይኸን አላስተማሩኝም አባትህ።» ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ሦስተኛውን አንድም እስቲ ድገምልኝ።»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«ድገም እንጂ! አዞው ማን ነው?»

«አዞ ነው።»

በጥፊ አጮለኝ። ጥርሴ ከንፈሬን ሰነጠቀው። «እየፈራህ ስታመሰጥር አያምርብህም» አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት ብቅ አድርጎ አሳየኝ። «ሞላ መጨረሻውን ነግሮኛል። ይኸው ጽፌዋለሁ። አሁን አንተ እዚሁ ፊቴ ጨርሰህ ታሳየኛለህ። የማየው እሱ ካለው ጋር ከገጠመ ይወጣል። ካልገጠመ ሁለታችሁም ባሥር ሰዓት ትሄዳላችሁ።»

«መጨረስ ቢያቅተኝሳ?»

«ካቃተህማ ያለኝ ምስክርነት የሐምሌ ሚካኤሉ ነው። እሱኑ እጽፋለሁ።»

ዕቃዋን ከብብቴ አወጣሁ። ያቺ መስተዋት የራሷ ብርሃን የላትም፤ የቀን ብርሃን ካላገኘች አይታይባትም። ውጭ ደመናው ጠቁሯል። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁና ጀመርኩ።  ሁለት መቶ ሰባ ላይ ሦስተኛውን ሰው አስበላሁ። ደመላሽ ሰዓቱን አየ። እንደገና ጀመርኩ። ዝናቡ ወረደና ክፍሉ ጨለመ፤ ከመስኮቱ ውጭ ክንዴን አውጥቼ፣ ዕቃዋን በነጠላዬ ጫፍ ከልዬ ቀጠልኩ። ስድስት መቶ አርባ ደረስኩ። ከዚህ በፊት ረግጬው የማላውቀው አገር ነው። ሰዎቹ ከሦስቱም ጣሪያ በአንድ ጊዜ ይዘላሉ። እዚያው ላይ አለቀብኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው» አለ ደመላሽ።

 ላቤን ጠረግሁና ሦስተኛ ጊዜ ጀመርኩ። በዚህኛው ላይ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ማሰብ ተውኩ። ሁለት መቶ ላይ አንድ ሰው አመለጠኝ። ከዚያ እስከ ሰባት መቶ ማንም አልወደቀብኝም። ጥበቃው ከጥግ ተነስቶ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ በል አንተ! ሰውየው ወደቀ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ደመላሽ «ዝም በል፣ የማትረባ!» ብሎ ሰደበው፤ ግን እሱም ተነስቶ ቀርቦ ነበር። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

ስምንት መቶ ሠላሳ ላይ ሁለተኛው ሰው ተበላ። አንድ ብቻ ቀረኝ።

ዘጠኝ መቶ ሲያልፍ አንድ ሐሳብ ድንገት መጣብኝ። አዞው የምር ቢሞትሳ? ይህን ነገር የሠራው ፈረንጅ የምር እንዲያ አድርጎ ሠርቶት ቢሆንሳ? ያን ጊዜ ዕቃዋ የመንግሥትን መውደቅ ትሰብካለች ያሉት እውነት ሊሆን ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ለምኜ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን፣ «ቅዱስ ሚካኤል፣ በደጅህ የተናገርኩት ሐሰት ይሁንልኝ» ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ብሎ የጸለየ የአብነት ተማሪ ካለ አሳዩኝ።

ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት። ዘጠና ስምንት። ከግራው ጣሪያ አንዲት ሴት ዘለለች፤ ተቀበልኳት። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ። ከመሐሉ አንድ ሰው ዘለለ። ጣቴን ተጫንኩ።

ዕቃዋ አንዴ ጢጥ አለች። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ባለ ታንኳው መሐል ላይ ብቻውን ቆሟል። ሦስቱ ጣሪያዎች እዚያው ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ቀስ ብሎ ሊዘል ጫፍ ላይ ወጣ። አዞውም አፉን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው?» አለ ጥበቃው። «አለቀ?»

«አለቀ» አልኩ። «እንደገና ጀመረ።»

ደመላሽ ወረቀቱን ዘረጋና ጮክ ብሎ አነበበው። «ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሌላ ምንም የለውም።» አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሳቀ። የሳቁን ክፋት ልነግራችሁ አልችልም። «አየህ? አዞው አይሞትም። በነሐሴ ሚካኤል እዚያው ደጅ ቆመህ ይኸንኑ ለሕዝቡ ትነግራለህ። ሰው እልካለሁ።» ዕቃዋን ከእጄ ነጥቆ መሳቢያው ውስጥ ወረወራት። ሞላን የፈታው ስለ ፍትሕ እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ላሞች ነበሩት።

አያ ሞላን ከጓዳ አወጡት። ጫማውን በእጁ ይዟል። አንዱን እግሩን መሬት ማስነካት አልቻለም። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል። ደግፌው ወጣን። በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ጎንበስ ብሎ የጊደሯን ጆሮ መዳሰስ ነበር። ለገበሬዎቹ ምን እንደሚያጠጧት ነግሯቸው መንገድ ጀመርን።

 ቤቱ መታጠፊያ ሲደርስ ክንዱን ከትከሻዬ ላይ አወረደ።

«የመጀመሪያው ጅራፍ ሳያርፍብኝ ነው እውነቱን የነገርኳቸው» አለኝ። «'የመሪጌታው ልጅ ይሞታል ብሏል፣ አንተ እየዋሸህ ነው' ብለው ገረፉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው፤ ደግመው ገረፉኝ። እዚያ አገር ብርዱ ሲያስቸግረኝ ያንን ነገር ሃያ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ስትወጣ ስትገባ፣ ለምን መጨረሻውን አልጠየቅኸኝም?»

  ብጠይቀው እሱ አዋቂ፣ እኔ ጠያቂ እንዳንሆን ፈርቼ ነበር። በቃ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የለኝም። እያነከሰ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራኝም። ያ እግሩም ዳግም አልተቃናም።

ነሐሴ ሚካኤል ፍልሰታ ነበር። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠላም ሳቅም በሌለበት ቆሞ ሰማኝ። ደመላሽ የላከው ሰው ከዋርካው ሥር ቆሟል። «ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። «መጨረሻውን አይቼው አልነበረም። አሁን አይቼዋለሁ። አዞው አይሞትም። ወደ ዜሮ ይመለሳል።» ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ስጨርስ ካሴ እጄን ጨበጠና፣ «አይዞህ፣ አስገድደው እንዳናገሩህ ገብቶናል» ብሎ ሹክ አለኝ።  በሕይወቴ አንዴ ደርሼ፣ አንዴ ጨርሼ፣ ያየሁትን በተናገርኩ ቀን የሚያምነኝ ሰው ጠፋ። ውሸቴን በእልልታ ተቀብለው ለእውነቴ ግን አዘኑልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ «መምህር» ሲሉኝ «አልጨረስኩም» እላለሁ። መጽሐፍ ሲያወሩ እስከ ስንተኛው ገጽ እንዳነበብኩ እናገራለሁ። ሰው ይሰለቸኛል፤ ይሰልች። ሳይጨርስ የሚተነትን ሰው ካየሁ ደሜ ይፈላል፤ ያንን ልጅ ያሳደድኩትም ለዚህ ነው። እሱ «ያው ነው» ያለው ነገር የአያቱን የሞላን እግር ነው የበላው።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በመጣው ኅዳር ሚካኤል ላይ እዚያው ደጀ ሰላም ተሰብስበን ነበር። ሰው በደስታ ሰክሯል። ካሴ ዋንጫውን አንስቶ፣ «ይኸ መምህር ትንቢት ተናግሮ ነበር! አዞው ተገልብጦ ይሞታል አላለንም?» ሲል እልልታው እንደ ድሮው ፈነዳ። ተሸክመው ሊያዞሩኝ እጄን ያዙኝ። እጄን መነጨቅኋቸው።

«ቁጭ በሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ያኔ ያልኳችሁ ውሸት ነው! ያየሁት ሌላ ነው። ቁጥሩ ይሞላና ከዜሮ ይጀምራል፤ ሰዎቹ ጣሪያው ላይ ናቸው፤ አዞውም አፉን ከፍቶ እዚያው አለ።»

 አንዱ ሽማግሌ፣ «ምነው በበዓል ቀን? ደስታችንን አታጨልምብን እንጂ!» አሉኝ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ፣ «አንተ ምን ታውቃለህ!» ብሎ ብድግ አለ።

አያ ሞላ በሩ አጠገብ፣ ያን እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ።

«ተዉት» አለ። «እሱስ ጨርሶታል።»

ጎረምሳው ተቀመጠ። እኔም ሄጄ ከአያ ሞላ አጠገብ ተቀመጥኩ።